በተውሶ ምላስ መቅመስ

በባሕር ዳር ወጣቶች ዘንድ ጠላ በተነሣ ቁጥር የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «ይኮመጥጣል» ይላሉ። ይህን ከተናገሩ በኋላ ፍርዱ የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ጠላ ጥቁር ነው፤ ጠላ ጭስ ጭስ ይላል፤ ጠላ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ የባላገር መጠጥ ነው። ቢራ ግን ቢጫ ነው፤ አረፋው ነጭ ነው፤ በጠርሙስ ታሽጎ ይመጣል፤ ስለዚህ የሠለጠነ ሰው መጠጥ ነው። በዓባይ ማዶ በጠላ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ አፍንጫቸውን በእጃቸው የሚይዙ ጐረምሶች ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከእነሱም መካከል ማታ የጠጡት ቢራ እስከ ጧት ድረስ ከአፋቸው ያልጠፋ አሉባቸው።

እኔ ይህን አነጋገር እቃወማለሁ። የምቃወመውም ለመጠጥ ጠበቃ ለመቆም ብዬ አይደለም። ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፤ አስተማሪዎቻችን ስለ መጠጥ የሰጡን ምክር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ አንድ ዋንጫ ከጠጣሁ ሁለተኛውን አልደግምም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.አ.አ. ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ሲል አስታውቋል። የአገራችንም ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። እንግዲህ ዕድሜህ ያልደረሰ አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ አንብብ እንጂ ለመቅመስ አትነሣ። ነገር ግን የሚጠጣውም የማይጠጣውም ሰው ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ በዚህ ውስጥ አለ፤ እሱም ሰው በገዛ ምላሱ መፍረድ ትቶ በሌላ ሰው አፍ ሲፈርድ የሚደርስበት ውርደት ነው።

እስቲ መጀመሪያ ስለ መኮምጠጥ እንነጋገር። «ይኮመጥጣል» የሚለው ቃል በእኛ አገር እንዴት ስድብ ሊሆን ቻለ? የምንበላው እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ካልሰነበተ ዓይን አያወጣም። እርጎአችን ኮምጣጣ ነው። አይባችን የሚወጣው ከኮመጠጠ ወተት ነው። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ኮምጣጣ እየበላ ያደገ ምላስ ጠላ ዘንድ ሲደርስ ብቻ «ኮምጣጣ አልወድም» ቢል ማን ያምነዋል? እንጀራውን የሚያኮመጥጡትና ጠላውን የሚያኮመጥጡት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ከአንድ ወገን ናቸው። የአገራችን ሊቃውንት ይህን መርምረው በ1991 እ.አ.አ. ሲኔት በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ያገኙትም በጋኑ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች መኖራቸውን ነው፤ አንደኛው ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው፤ ሁለተኛው ላክቶባሲለስ የተባለው፣ እርጎንም የሚያረጋው፣ አሲድ ሠሪው ነው። ጠላው ሲሰነብትና ነፋስ ሲያገኘው ደግሞ ሦስተኛ እንግዳ ይመጣል፤ ይህ እንግዳ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል፤ ጠላ ተበላሸ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ መኮምጠጥ ሁሉ መበላሸት አይደለም። የሎሚ ዓይነት መኮምጠጥ አለ፤ አፍን ያጥባል፤ ምራቅን ያመጣል፤ ምግብን ያስፈልጋል። የኮምጣጤ ዓይነት መኮምጠጥ አለ፤ አፍንጫን ይወጋል፤ ጉሮሮን ያቃጥላል። ሁለቱን መለየት የማይችል ሰው ስለ ጠላ ቢናገር፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ስለ ጥልፍ ሲፈርድ እንደ ማለት ነው።

ጠላ የሚጠቁረው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ወጣትም ጥቂት ነው። ጥቁረቱ እድፍ ይመስለዋል። በጎጃም ምድር ባለሙያ ሴት ጠላ ስትጥል ከሁሉ አስቀድማ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታጥበዋለች፤ ከዚያም በወይራ ወይም በጥንጁት ጭስ ታጥነዋለች። ጭሱ የማይፈለገውን ተሐዋሲ እያባረረ ለመጠጡ መዓዛ ይተውለታል። ጌሾውን ወቅጣ ከብቅል ጋር ትጠነስሳለች፤ ጥንስሱ ሲነሣ ገብሱን ወይም ዳጉሳውን አምሳና አስፈጭታ ትጨምርበታለች፤ ቂጣም ጋግራ ትፈረፍርበታለች። እህሉን ጠቆር አድርጋ ካመሰችው ጠላው ይጠቁራል፤ ሳሳ አድርጋ ካመሰችው ይነጣል። እንግዲህ የጠላ ቀለም በምጣዱ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ትንሽ ቸኩላ ካነሣችው ጠላው ለዛ ያጣል፤ ትንሽ ዘግይታ ካነሣችው እህሉ ያርና የከሰል ምሬት ያመጣል። ሰዓት የላት፣ የሙቀት መለኪያ የላት፤ የምትተማመነው በአፍንጫዋና በዓይኗ ነው። ድፍድፉን መርጋ ካስቀመጠችው በኋላም ውኃ የምትጨምርበትን ቀን የምታውቀው በጆሮዋ ጭምር ነው፤ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ ፍላቱን ስታዳምጥ አይቻለሁ። ጌሾውስ ከየት ይመጣል? ብዙው እዚሁ ከአጠገባችን ነው። ዘጌዎች ከቡናውና ከሎሚው ጋር ጌሾ ይተክላሉ፤ በደንገል ታንኳ ጣናን አቋርጠው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲያመጡት የኖሩ ናቸው። ለቢራ ምሬቱን የሚሰጠው ሆፕ የተባለው ተክል ግን ባሕር ተሻግሮ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ይህን ያነሣሁት ቢራን ለመንቀፍ አይደለም፤ የትኛው ነው የራሳችን ብሎ ለሚጠይቅ መልስ እንዲሆን ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከቤልጂየም ሲመለስ ጥቂት የቢራ ጠርሙሶች ይዞ መጣና ጓደኞቹን በዓባይ ማዶ በወላጆቹ ቤት ሰበሰበ፤ እኔንም «የኔታ፣ ይምጡና ይቅመሱ» ብሎ አስጠራኝ። የጠርሙሱ ስም ሮደንባክ ይባላል። ሲቀዳ አየሁት፤ ጥቁር ሆኖ ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። ቀመስኩት። መጀመሪያ ምላስን እንደ ሎሚ ቆነጠጠው፤ ቀጥሎ እንደ ዘቢብ ያለ ጣፋጭነት መጣ፤ በመጨረሻም የእንጨት ሽታና ጥቂት የኮምጣጤ ስሜት በአፌ ቀረ። መልካም መጠጥ ነው፤ እውነቱን መደበቅ አልወድም። ሠሪዎቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው።

ወጣቶቹ ግን ከእኔ በላይ አደነቁት። አንደኛው፣ ጠላ በፊቱ ሲቀርብ ፊቱን የሚያጨፈግግ ልጅ መሆኑን የማውቀው፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ይህ ጥልቀት ያለው ጣዕም ነው» አለ። «ምን ቀመስክበት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሁለት ዓመት በእንጨት በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ነው» አለኝ። «እሱን ጓደኛህ ነግሮሃል፤ ምላስህ ምን አለህ?» አልኩት። የጠርሙሱን ዋጋ ነገረኝ። ከጐረቤት ጥቁር የዳጉሳ ጠላ አስመጥቼ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ቀዳሁለት። ገና ከከንፈሩ እንዳደረሰው «ይኮመጥጣል» አለ። ከመካከላቸው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ሁለቱንም እያፈራረቀች ቀምሳ፣ «የሚብሰው የጠርሙሱ ኮምጣጣነት ነው፤ የጠላውን ጭሱ ይሸፍነዋል እንጂ» አለች። ልጅቱ ልክ ነበረች። ሌሎቹ ሳቁባት።

ያ ወጣት በጆሮው ቀመሰ እንጂ በምላሱ አልቀመሰም። ሁለት ዓመት ሲባል ሰማ፤ በርሜል ሲባል ሰማ፤ አውሮፓ ሲባል ሰማ፤ የሰማውንም ጠጣ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ከዚያም የከፋ ነው፤ ወርቁንና መዳቡን የሚለየውን ምላስ ራሱን አውጥቶ ለሌላ ሰው ማዋስ ነውና።

ቤልጂየሞች በዚህ ጥፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም ልንማርባቸው ይገባል። የሮደንባክ ጠመቃ የተመሠረተው በ1821 እ.አ.አ. በምዕራብ ፍላንደርስ ነው። በቤቱ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ ታላላቅ የወይን ጋን የሚያህሉ፣ ከአንዳንድ ቤትም የሚበልጡ የባሉጥ እንጨት በርሜሎች ቆመዋል፤ ከእነሱም ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው አሉ። ቢራው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በዚያ ውስጥ ይቀመጣል፤ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ጥቂት አየር እየገባ ቀስ በቀስ ያኮመጥጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያረጀው ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። በብራስልስ አጠገብ ደግሞ ላምቢክ የሚባል ቢራ አለ፤ ለዚህም እርሾ የሚጨምርበት የለም፤ የፈላው ውኃ ክዳን በሌለው ሰፊ ገንዳ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አየሩ ራሱ የሚያመጣለት እርሾ ይበቃዋል። አንባቢዬ፤ እናትህ ጠላ ስትጠነስስ እርሾ ከሱቅ ገዝታ ታውቃለች? ከጌሾው፣ ከእህሉና ከጋኑ የሚገኘው ነው የሚያነሣላት። ላምቢክ ጠማቂው ሲሠራው ጥበብ የተባለው፣ የእኛዋ እናት ስትሠራው ኋላ ቀርነት የሚባልበት ምክንያት ምን ይሆን?

ቢጫው ቢራ የሥልጣኔ ምልክት ነው የሚለውም አሳብ ታሪክ ካለማወቅ የመጣ ነው። በቦሄሚያ በፒልሰን ከተማ የመጀመሪያው ቢጫ ቢራ የተጠመቀው በ1842 እ.አ.አ. ነው። ፓስተር ስለ ቢራ ያጠናውን መጽሐፍ በ1876፣ ሐንሰን የተባለው የዴንማርክ ሊቅ አንዱን እርሾ ለይቶ ማሳደግን ያሳየው በ1883 ነው። ከዚያ ወዲህ ጥሩና ቢጫ፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ጣዕም ያለው ቢራ በፋብሪካ ማውጣት ቀላል ሆነ፤ ዓለምንም አጥለቀለቀ። ወደ እኛም አገር በ1915 ዓ.ም. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ ጋር ደረሰ። በአውሮፓ ራሱ ብዙ የኮምጣጣ ቢራ ጠማቂዎች በዚህ ምክንያት ሥራቸውን ዘጉ። ጥቂቶች ግን ሰው «ይኮመጥጣል» እያለ ሲሸሻቸው በርሜላቸውን ሳይጥሉ ቆዩ። በ2016 እ.አ.አ. ዩኔስኮ የቤልጂየምን የቢራ ባህል በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ክብሩ የመጣው ከምዝገባው አይደለም፤ አስቀድመው የገዛ ነገራቸውን በገዛ ምላሳቸው ስላመኑት ነው።

አሁን ወደ እኔ ዋና ሙግት ልምጣ። በአስተማሪነቴ ዘመን በምዝገባ ሰሞን «የእናት ሥራ» የሚለውን መስመር ባዶ የሚተዉ ልጆች ነበሩ። ሌሎች «የቤት እመቤት» ብለው ይጽፉ ነበር። የብዙዎቹን እናቶች አውቃቸው ነበር፤ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ባል የሞተባቸው፣ ባል ጥሏቸው የሄደ፣ ከገጠር ሕፃን አዝለው ከተማ የገቡ፤ እጃቸው ላይ ካለው ሙያ በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው። የልጁ ደብተር፣ የልጁ ጫማ፣ የልጁ የደንብ ልብስ የተገዛው ከዚያ ጋን ነው። በአንድ የዕረፍት ሰዓት ላይ አንዱ ሌላውን «የጠላ ሻጭ ልጅ!» ብሎ ሲሰድበው ሰማሁ፤ የተሰደበው ልጅ «አይደለሁም» ብሎ መለሰ። ሐሰት መናገሩን አውቃለሁ፤ ልጁን ግን አልወቀስኩትም። የሚወቀሰው ያን ቃል ስድብ ያደረገው ሕዝብ ነው።

ቃሉን ራሱን ተመልከቱት። በፋብሪካ ቢራ የሚሠራውን ሰው «ጠማቂ» ወይም «የጠመቃ ባለሙያ» እንለዋለን፤ በሠራው እንጠራዋለን። ሴቲቱን ግን «ጠላ ሻጭ» እንላታለን፤ የምንጠራት በሸጠችው ነው። ብቅል አብቅላ፣ እህል አምሳ፣ ጋን አጥና፣ ሌሊት ተነሥታ ድፍድፍ አዳምጣ ያወጣችው መጠጥ በገበያ ከሰማይ የወረደላት ይመስል! እነሆ፣ «ይኮመጥጣል» የምትለዋ አንዲት ቃል የት ድረስ እንደምትሄድ አያችሁን? ከዋንጫው ትነሣና እናት ላይ ታርፋለች። ወጣቱ ጠላውን የሚንቀው ቀምሶ ቢሆን ኖሮ ክፋት የለውም፤ ሰው የማይወደው ጣዕም ሊኖረው ይችላል። እሱ ግን የሚንቀው የጠመቀችው ማን እንደሆነች ስለሚያውቅ ነው፤ የጠርሙሱንም የሚያከብረው የጠመቀው ማን እንደሆነ ስለተነገረው ነው።

ሌላም ወገን አለ፤ እሱንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ይህ ወገን «ጠላ ባህላችን ነው» እያለ ይጮሃል፤ በበዓል ቀን ዋንጫ አንሥቶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሲያበቃ ቢራውን ያስከፍታል። ከዚህ ወገን አንዱ መጥፎ ጠላ ቢቀርብለት እንኳ «ግሩም ነው» ብሎ ይጨልጠዋል፤ ባህል ነዋ! ይህም በተውሶ ምላስ መቅመስ ነው። መጥፎ ጠላ አለ። ሳይደርስ ውኃ የተሞላበት አለ፤ እህሉ ያረረበት አለ፤ ጋኑ በደንብ ሳይታጠብ የተጣለ አለ፤ አምስት ቀን ክፍት ቆይቶ ኮምጣጤ የሆነ አለ። ይህን መጥፎ ነው የማይል ሰው መልካሙን መልካም ለማለት ሥልጣን የለውም። ቅራሪን ከዋናው ጠላ ሳይለይ የሚያመሰግን ሰው ምስጋናው ለባለሙያዋ ምን ይጠቅማታል?

ደግሞም ጨልጦ የሚጠጣ ሰው ቀመሰ አይባልም። ኖኅም ስለ መስከሩ ተጽፎበታል፤ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ የመከረው ስለ ጥቂት ነው። በእኛ ልማድ ጠላ የምትቀዳው ሴት ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትቀምስ ነበር። ይህን ያደረጉት ከመርዝ ለመጠበቅ ነው ይላሉ፤ ይሁን። ነገር ግን መጀመሪያ ቀምሶ ለጣዕሙ ኃላፊ ሆኖ ማቅረብ እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! ዛሬ ጠርሙስ የሚከፍትልን አስተናጋጅ ስለ ጠርሙሱ ኃላፊ አይደለም፤ እኛም ስለ አፋችን ኃላፊ መሆንን ትተናል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም ስለ ጋን ነው። ቤልጂየሞች ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ በርሜል ሲፈስ ባለሙያ ጠርተው እየጠገኑ ያኖሩታል። እኛ ጋኑን ጥለን ወደ ፕላስቲክ በርሜል ገብተናል። ፕላስቲክ አይሰበርም፤ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ይረክሳል፤ ሴቲቱ ብትመርጠው አይፈረድባትም። ነገር ግን ፕላስቲክ በወይራ አይታጠንም፤ እሳት ካስጠጉት ይቀልጣል። ጋኑን የሚሠሩትን ሸክላ ሠሪዎችም ያደረግንባቸውን እናውቃለን፤ «ቡዳ» እያልን፣ ከማዕዳችን እያራቅን፣ ልጆቻቸው እጃቸውን ከጭቃው እንዲያነሡ ያደረግናቸው እኛው ነን። ጠማቂዋን ናቅን፤ ለጠማቂዋ ዕቃ የምትሠራውን አብልጠን ናቅን፤ ከዚያ በኋላ ጠላው እንደ ድሮው አይደለም ብለን እናማርራለን።

በዓባይ ማዶ፣ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀው ከአዲሱ ድልድይ ብዙ ሳይርቅ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት አለች። በጓዳዋ አንድ ጋንና ሦስት ፕላስቲክ በርሜሎች አሏት። በጋኑ የምትጥለው ለማኅበሯ ተራ ሲደርስ ብቻ ነው። «ለምን ለገበያውም በጋን አትጥይም እትዬ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለገበያው ፕላስቲኩ ይበቃል መምህር፤ የሚለየው ጠጪ የለም» አለችኝ። ነገሯን ላፈርስባት ፈልጌ ነበር፤ በምስክርነት የምጠራላት አንድ ወጣት ግን ሊታወሰኝ አልቻለም።